ከባቡር መስኮት የሚነበብ ደብዳቤ

እስቲ ዛሬ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር የአንድ ቀን መንገድ እንሂድ። የምንሄደው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ወደምትገኘው ፊላደልፊያ ነው፤ የምናየውም ሙዚየም ወይም ቤተ መንግሥት ሳይሆን የሰዎች ቤትና ሱቅ ግድግዳ ነው። «ግድግዳ ለማየት ደግሞ መንገድ ይኬዳል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ግን ስለ ማቀዝቀዣችን ልንገራችሁ። የምንኖረው በዋሽንግተን አቅራቢያ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እኔ ሌሊት በመኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ማልዳ ወጥታ አረጋውያንን ትንከባከባለች። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ስትገባ እኔ ለመውጣት ጫማዬን አስራለሁ። በውጭ አገር የምትኖሩ ባለትዳሮች ይህን ኑሮ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የምንነጋገረው በማቀዝቀዣው በር ላይ በምንለጥፋት ቁራጭ ወረቀት ነበር። «ወተት የለም።» «የመብራት ተከፍሏል።» «ልጁ ጥርስ ሐኪም ጋ፣ ሐሙስ 9 ሰዓት።» አልተጣላንም፤ ለመጣላትም እኮ ጊዜ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ግን ወረቀቷ ላይ ምንም አልተጻፈም። ባዶ ወረቀት ለጥፋ ሄዳለች። ቸኩላ ነው? ወይስ የምትለኝ አጥታ? ያን ቀን ተኝቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም።

በዚያው ሰሞን አብረውን ከሚጸልዩ ወንድሞች አንዱ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ በሃምሳ ግድግዳ ላይ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ እንዳለና የሚነበበውም ከባቡር መስኮት እንደሆነ አጫወተን። ባለቤቴ «እንሂድ» አለች። እሷ «እንሂድ» ካለች ስንት ዓመቷ! ለቅዳሜ ሁለታችንም ፈቃድ ወሰድን፣ ልጁን እህቷ ዘንድ አሳደርነውና በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ጓጉቼ አልሄድኩም። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በሰፈራችን አጥር ላይ የተፈቀደው ጽሑፍ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ብቻ ሲሆን ከዚያ ሌላ የሚጽፍ ልጅ ባለጌ ይባል ነበር። ፊላደልፊያም ለረጅም ጊዜ የምታስበው እንደ እናቴ ነው። የግድግዳ ላይ ጽሑፍ፣ በተለምዶ ግራፊቲ የሚባለው ነገር፣ በዘመናዊ መልኩ ከጀመሩት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የዚያች ከተማ ልጅ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁ ዳሪል ማክሬይ ይባላል። በአሥራዎቹ ዕድሜ በወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ገብቶ ሳለ ምግብ አብሳዩን «የበቆሎ ዳቦ ካልሠራህልን» እያለ ቢነዘንዘው፣ ሰውዬው ተናድዶ «ኮርንብሬድ» ብሎ ጠራው፤ የበቆሎ ዳቦ ማለት ነው። ልጁ ስሙን ወደደውና በማረሚያው ግድግዳ ሁሉ ላይ ጻፈው። በ1967 አካባቢ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሲንቲያ የምትባል ልጅ አፈቀረ። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ኮርንብሬድ ሲንቲያን እንደሚወድ በምትመላለስበት መንገድ ግድግዳ ሁሉ ላይ ጻፈ። በ1971 ጋዜጦች በስሕተት ሞቷል ብለው ሲያወሩ፣ አለመሞቱን ለማስታወቅ በከተማው የእንስሳት ማቆያ ገብቶ በዝሆን ጎን ላይ በቀለም ስሙን ጻፈ። ሌሎች ልጆችም ተከተሉት፤ ከተማይቱ በስም ተሸፈነች።

የቤቱ ግድግዳ የተበላሸበት ሰው መናደዱ ያለ ነው፤ እኔም ብሆን እናደዳለሁ። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የሚጽፉት ስድብ አልነበረም፤ አብዛኞቹ የሚጽፉት የራሳቸውን ስም ነበር። በመጽሔት የማይወጣ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ የማይሰቀል፣ ማንም የማይጠራው ስም።

በ1984 የከተማይቱ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ዊልሰን ጉድ ግራፊቲን የሚዋጋ አንድ ፕሮግራም አቋቋሙ። ከእንግዲህ ግድግዳ አልነካም ብሎ የፈረመ ልጅ እንዳይከሰስ ተደረገ፤ ሥራም ይሰጠው ጀመር። ልጆቹን እንድትይዝ የተቀጠረችው ጄን ጎልደን የምትባል ሠዓሊ ነበረች። ካሊፎርኒያ ውስጥ የግድግዳ ሥዕል ስትሠራ ቆይታ፣ ሉፐስ የተባለ ሕመም ስለያዛት ወደ ቤተሰቧ አካባቢ የተመለሰች ሴት ናት። ጎልደን ልጆቹን ግድግዳ ከማጠብ አሳልፋ ሥዕል አስተማረቻቸው። በ1996 ሥራው ራሱን የቻለ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም ሆነ፤ እስከ ዛሬ በከተማይቱ ከ4,000 በላይ ሥዕሎች ተሠርተዋል። ስለ ከንቲባውም እውነቱን ሸፍኜ አላልፍም። በ1985 በእርሳቸው ዘመን ፖሊስ ሙቭ የተባለ ቡድን በሚኖርበት በምዕራብ ፊላደልፊያ ቤት ላይ ከሄሊኮፕተር ቦምብ ጥሎ 11 ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። 61 ቤቶች ተቃጠሉ። ከሥልጣን በኋላ ጉድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነው፣ ወላጆቻቸው የታሰሩባቸውን ልጆች ከምእመናን ጋር የሚያገናኝ አማቺ የተባለ አገልግሎት መርተዋል። የእርሳቸውም አባት በልጅነታቸው ታስረው ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ በአንድ ቃል አይጠቃለልም።

አሁን ወደ ባቡሩ እንሂድ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሥር፣ ከ15ኛው ጎዳና ጣቢያ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ተሳፈሩ። መጀመሪያ መንገዱ ከመሬት በታች ስለሆነ የምታዩት ጨለማ ብቻ ነው፤ ተስፋ አትቁረጡ። 40ኛው ጎዳናን አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ባቡሩ ወደ ብርሃን ይወጣና በብረት ምሰሶዎች ላይ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ ትይዩ መሄድ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በድልድዩ ላይ ሲያልፍ የሰዉን ጣሪያና የተሰጣ ልብስ እንደሚያሳያችሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ መስኮቱን ልቀቁልኝ በሉ። ከ45ኛው እስከ 63ኛው ጎዳና ድረስ በግራና በቀኝ፣ በጡብ ግድግዳዎቹ ላይ፣ ሰው የሚያህሉ ፊደላት ይመጣሉ።

ይህን የሠራው ስቲቭ ፓወርስ ነው፤ በወጣትነቱ በዚያው በምዕራብ ፊላደልፊያ በድብቅ ግድግዳ ላይ ይጽፍ ከነበሩት አንዱ። በ2009 በግድግዳ ሥዕል ፕሮግራሙ ድጋፍ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የባለቤቶቹን ፈቃድ ይዞ ነው። የባቡሩ ድልድይ ለአሥር ዓመት ያህል ሲታደስ ቆይቶ፣ በሥሩ የነበሩት ነጋዴዎች ገበያቸው ተዳክሞ ነበር። ፓወርስና ባልደረቦቹ ከነዋሪው ጋር ተነጋገሩ፣ ለሱቆችም የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሩ፤ ከዚያም ሃምሳውን ግድግዳ ጻፉ። ደብዳቤው ከአንድ አፍቃሪ ለአንዲት ተፈቃሪ፣ እንዲሁም ከአንድ ልጅ ለሰፈሩ የተጻፈ ነው።

ግጥም ወይም ጽጌረዳ ጠብቄ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ኑሮ ነው! አንዱ፣ በ52ኛው ጎዳና ለጥቂት ሴኮንድ እንኳ ብንገናኝ ብሎ ይለምናል። ሌላው ስለ ስልክ ካርድ ያወራል፤ ሒሳቡ እስኪያልቅ እናውራ እንደማለት። አንዱ ደግሞ ለሕፃናት ማቆያና ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ ይዤልሻለሁ ይላል። ባለቤቴ እዚህች ላይ ሳቀች። «እንዴ፣ ይሄ ምኑ ፍቅር ነው?» አልኳት።

ዝም አለችኝ። ባቡሩ ሁለት ጣቢያ ከሄደ በኋላ፣ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «‹ወተት የለም› ብዬ ስጽፍልህ ምን የምልህ ነበር የሚመስልህ?» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ መልስ አልነበረኝም። ወተት የለም ያለች መስሎኝ ነበር።

በ69ኛው ጎዳና መጨረሻው ጣቢያ ደረስን። መውረድ ነበረብን፤ ወርደንም በተቃራኒው ባቡር እንደገና ተሳፈርን፤ በሌላው ወገን ያለውን ለማንበብ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ በአንድ ጉዞ የሚታየው ግማሹ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ባቡሩ ሲፈጥን በዓይን ጥቅሻ ያልፋል፤ ሁለተኛ ካልተመለሳችሁ ምን እንዳለ አታውቁም። የግድግዳ ሥዕል ዕድሜውም አጭር ነው። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ባዶው ቦታ ላይ ሕንፃ ከተሠራም ይሸፈናል። ስለዚህ «ሌላ ጊዜ» አትበሉ።

ምሳ ከፈለጋችሁ በምዕራብ ፊላደልፊያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እኛ ሽሮ በላን፤ የሽሮው ነገር ይቆየን።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀርመንታውን ጎዳና ሄድን። በመንገድ ላይ፣ ብሮድና ስፕሪንግ ጋርደን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ስትደርሱ፣ ስምንት ፎቅ የሚያህል ሥዕል ታያላችሁ። ሜግ ሳሊግማን የተባለች ሠዓሊ በ1998 የሠራችው ነው፤ የሰፈሩን ወጣቶች ከአያቷ የሸክላ ምስሎች ጋር አዋህዳ ሥላለች። አንገታችሁ እስኪያማችሁ ቀና ብላችሁ እዩት። እኛ የሄድንበት ግን ከዚያ የሚያንሱና እምብዛም ጎብኚ የማያያቸው ሁለት ግድግዳዎች ናቸው።

የፈውስ ግድግዳዎች ይባላሉ፤ የተሠሩት በ2004 ነው። ሥራው የተጀመረው ከከተማው ውጭ በነበረው ግሬተርፎርድ ወህኒ ቤት ነበር (ወህኒ ቤቱ በ2018 ተዘግቷል)። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ነበሩ፤ በፔንሲልቬንያ ዕድሜ ልክ ማለት በአመክሮ መውጣት የሌለበት ነው። ሴሳር ቪቬሮስና ፓሪስ ስታንሰል የተባሉ ሠዓሊዎች፣ እነዚህን እስረኞች በወንጀል ከተጎዱና ቤተሰባቸው ከተገደለባቸው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። «ወህኒ ቤት ያለ ሰው እንዴት አድርጎ የከተማ ግድግዳ ይስላል?» ካላችሁ፣ ዘዴው እንዲህ ነው። ሥዕሉ በቀጭን ጨርቅ ላይ፣ ጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ ቁራጭ ተከፋፍሎ ይሣላል፤ ከዚያ ቁራጮቹ ተጓጉዘው በማጣበቂያ እንደ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ሲደርቅ ጨርቅ መሆኑ አይታወቅም። እስረኛው የማይወጣበትን በር ሥራው ይወጣበታል ማለት ነው።

ታዲያ መጀመሪያ የታሰበው አንድ ሥዕል ነበር። አልተስማሙም! ተጎጂዎቹ ሐዘናቸው እንዲታይ ፈለጉ፤ እስረኞቹ ጸጸታቸውና መለወጣቸው። ልጇ የተገደለባት እናት ከገዳይ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ እንድትሆን ማን ሊያስገድዳት ይችላል? እኛ በጉባኤ መካከል «ይቅር ተባባሉ» ብለን ቶሎ የምንሻገረውን ነገር እነርሱ ሊሻገሩት አልቻሉም። በመጨረሻ ሁለት ግድግዳ ተሠራ፤ አንዱ የተጎጂዎችን መንገድ፣ ሌላው የእስረኞችን መንገድ የሚያሳይ፣ በአንድ ጎዳና ላይ ተቀራርበው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየው ይሆናል። ለእኔ ግን ከአንድ የውሸት ግድግዳ ሁለት የእውነት ግድግዳ ይሻላል። ደግሞም ሁለቱን የሣሉት አብረው ነው፤ አንዱ የሌላውን ሐዘን በቀለም ሞልቷል።

በሁለቱ መካከል ቆመን ሳለ ስለ ባዶዋ ወረቀት ጠየቅኋት። እዚያ ካልጠየቅሁ የትም እንደማልጠይቅ ገባኝ።

«ልጽፍልህ የፈለግሁት ብዙ ነበር» አለች። «ስፍራ አይበቃኝም ብዬ ተውኩት።»

ምን ልትጽፍ እንደነበር እዚያው አስፋልት ዳር ነገረችኝ። ግማሹ ስለ እኔ ጥፋት ነው፤ የእኔና የእርሷ ስለሆነ ለእናንተ አልጽፈውም። እኔም የራሴን ነገርኳት። አልተስማማንም። በአንዳንዱ ነገር እስከ ዛሬም አልተስማማንም። ስናወራ አውቶቡሱ አመለጠን፤ በ12 ሰዓት የሚነሳውን ትተን በቀጣዩ ተሳፈርን።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራሙ በአስጎብኚ የሚመራ የባቡር ጉብኝት አለው፤ ለብቻችሁም መሄድ ትችላላችሁ። ቀን ሂዱ፤ ሲመሽ ፊደሉ አይታይም። ሁለታችሁም እንግሊዝኛ የማታነቡ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና ያንብብላችሁ፤ ወላጆቹ የፍቅር ደብዳቤ ሲያነቡ አይቶ ትንሽ ቢያፍር ምንም አይደለም።

ቤት ስንደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ወተት አልነበረም። ኮታችንን እንደለበስን ለመግዛት አብረን ወጣን።