የፀሐይ ጎተራ

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ እንጀራ እየጋገረች መብራት ሄደ። ከደጃችን የሚታዩት የአዳማ የነፋስ ተርባይኖችም ቆመዋል። «ነፋሱ ካልነፈሰ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው?» አለችኝ። ለነገሩ መብራቱ የሄደበት ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለጥያቄዋ ግን መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ጽፋችሁ ኑ ተብለን ነበር። ሯጭ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን መረጥኩ። አዲስ አበባ በ1966 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ተወለዱ። አባታቸው፣ የብራና ጽሑፎች ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1975 በወታደሮች ጥይት ቆሰሉ፤ ቤተሰቡ ተሰዶ ሚኒሶታ ገባ። ልጅቷ በ1992 ከኤም.አይ.ቲ. ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ2001 ከባልደረቦቻቸው ጋር በጠጣር አሲድ የሚሠራ፣ ሃይድሮጂንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የነዳጅ ሴል ለዓለም አሳዩ። በ2010 ደግሞ ሴሪየም ኦክሳይድን የተከማቸ የፀሐይ ጨረርን በሚመስል ብርሃን አግለው ከውሃ እንፋሎት ሃይድሮጂን አወጡ።

ይህን ለእማዬ ሳነብላት «አልገባኝም» አለች። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ፦ «ዱቄት መሳዩ ነገር በፀሐይ በጣም ሲግል ኦክስጅኑን ይለቃል። ቀዝቀዝ ሲል የጎደለውን ከእንፋሎቱ ይወስዳል፤ ሃይድሮጂኑ ይቀራል። እሱን አስቀምጦ ማታ መጠቀም ነው።»

«እህል ጎተራ እንደማስገባት ነው በለኛ!»

አዎ። ጎተራው ገና እኛ ሰፈር አልደረሰም፤ እማዬ ግን ገብቷታል። የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የእሷ ነው።