ነጩን አምጣ

አያቴ ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ትልቋ ከግቢው መግቢያ፣ ትንሿ ከእንሰቱ ጀርባ ይኖሩ ነበር። መስከረም 16፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ የያሆዴ ዋዜማ ሲሆን የሁለቱም ቤት ልጆች፣ ምራቶች፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከከምባታ የተጋባው ሁሉ ቀያችን ሀቢቾ ይሰበሰባል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ በቁጠባ ማኅበራቸው በቱታ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬ ገዝተዋል። ሴቶቹ በቅቤ ዕቁባቸው በውጆ የደረሳቸውን ቅቤ አንጥረው አተካናውን ለማገንፋት ቡላ ያዘጋጃሉ።

አተካና እላለሁ እኔ። እናቴ ግን ይህን ቃል ብላው አታውቅም። የአያቴ ስም በ«አ» ይጀምራል፤ ምራት ደግሞ የአማቷን ስም ቀርቶ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል አትጠራም። ከምባታዎች ይህን የምራቶች አነጋገር ባሊሻ ይሉታል። የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጽፋበታለች። በሀዲይኛ ወተት «አዶ» ነው፤ ስለዚህ በእናቴ አፍ ወተት «ነጩ» ሆኖ ቀረ። የትንሿ ቤት ምራት ደግሞ የራሷ የሴት አማቷ ስም ተጨምሮባት ቡናን «ጥቁሩ» ትል ነበር። እንግዳ መጥቶ ግልጽ ቃል ሲያስፈልግ እኛን ልጆችን ይጠሩናል። የምራቶቹ አፍ ነበርን።

በ1984 ዓ.ም. አጎቴ ሚስቱን በሞት ካጣ በኋላ አዲስ አበባ ያገባትን ሴት ይዞ መጣ። ሴትዮዋ የዘጠኝ ዓመት ልጇን አስከትላለች። ልጁ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ ሀዲይኛ አይሰማም፤ የታዘዘውን ለመፈጸም ግን ብድግ ይላል። እናቴን አሳዝኗት መሰለኝ ከቤተሰቡ እንዲለመድ ሥራ ሰጠችው። በዚያች በትንሽ አማርኛዋ፦

«ከጓሮ ካለው ቤት ሂድና ነጩን አምጣልኝ» አለችው።

በአማርኛ ወተት ብትል ማንም አይከለክላትም ነበር። ምላሷ ግን የለመደውን መንገድ ያዘ።

ልጁ ቆየ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ በሩ ላይ ግብግብ ተሰማ፤ ከትንሿ አያቴ ደጃፍ ታስሮ የነበረውን ነጭ ሙክት በገመድ እየጎተተ ገባ። ላብ በላብ ሆኗል። ሙክቱ የምርቃቱን ሣር መብላት ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አያቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ ልጁን ጠርቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰው። ሁለቱ ሚስቶቹ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ልጁም ከዚያ ወዲህ «ነጩ» ተባለ፤ የማን ልጅ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አያቴ ካረፈ ብዙ ጊዜው ነው። ነጩ እንደ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ገባ። የበሬውን ዋጋ አሁን እሱ በአንዴ በባንክ ይልከዋል፤ ወንዶቹ ለቱታ ከወር ወር የሚገናኙበት ምክንያት አጡ። ከተማችን ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ትልልቅ ቢሮዎች ተከፍተውባታል፤ ከየቢሮው የሚመጡት አዳዲስ ምራቶች አማታቸውን በስሙ ይጠራሉ። ደግ አደረጉ እላለሁ። ወንዶቹ ያልተሸከሙትን ሸክም እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማዋለች። ይሁንና አተካናው ሲቀርብ ልጆቹን የሚጠራ የለም፤ እነሱም ጥግ ይዘው ስልካቸውን ያያሉ።

ባለፈው ያሆዴ ነጩ ከጆሃንስበርግ በቪዲዮ ደወለ። እዚያ የተወለደው የስድስት ዓመት ልጁ ፊቱን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ በእናቱ አማርኛ ያወራናል። ነጩ ለዚህ ልጅ የአያቴን ስም አውጥቶለታል፤ ያኔ ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን ሰው ስም። እናቴ «የነጩ ልጅ፣ የኔ ጌታ» እያለች ስክሪኑን ትስማለች።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና፦ «አያቴ፣ ስሜን አታውቂውም?» አላት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «አንተ ንገርልኝ» አለችኝ።