የተኛውን አለመቀስቀስ፣ የደከመውን አለመተው

ርኅራኄ መልካም ነገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ሆኖም ርኅራኄ ብቻውን የማይበቃበት፣ ዕውቀት ካልታከለበትም ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ጠግቦ የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም፤ ትኩሳት ይዞት ያንቀላፋ ሕፃን ግን «ይተኛበት» ተብሎ አይተውም። ላይ ላዩን ለተመለከተው ሁለቱም እንቅልፍ ናቸው። ልዩነቱን የሚለየው የእናት እጅ ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሕፃን ሳይሆን ስለ አንድ ትንሽ እንስሳ ነው። ብዙዎቻችሁ በአውሮፓ የሚኖር እህት፣ ወንድም ወይም ልጅ ስላላችሁ ነገሩ ሩቅ አይሆንባችሁም ብዬ አምናለሁ።

እኛ «ጃርት» ስንል ትዝ የሚለን ድንችና በቆሎ የሚያጠፋው ትልቁ እንስሳ ነው። አያቴ ሹሩባ ስትሠራን ጸጉራችንን የምትከፍለው በእርሱ እሾህ ነበር። አውሮፓውያን በጓሯቸው የሚያገኙት ጃርት ግን ሌላ ነው። ጀርመኖች «ኢግል» ይሉታል። ሲጠቀለል ትርንጎ ያህላል፤ እሾሁ አጫጭር ሲሆን ቁጥሩ ከ5 ሺህ በላይ ይሆናል። ትልቁ ጃርት የአይጥ ወገን ነው፤ ይህ ግን አይደለም። ሰብልም አያጠፋም። ሲመሽ ወጥቶ ጢንዚዛ፣ አባ ጨጓሬና የምድር ትል እየለቀመ ስለሚበላ የአትክልተኛ ወዳጅ ነው። ሲፈራ ተጠቅልሎ የእሾህ ኳስ ይሆናል።

በአውሮፓ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የብርድ ወራት እነዚህ ትንንሽ ነፍሳት ከምድር ገጽ ይጠፋሉ። ይህ እንስሳም የሚበላው ሲያጣ ቅጠል ሰብስቦ ጎሬ ይሠራና ይተኛል። እንቅልፉ እንደ እኛ እንቅልፍ አይደለም። በነቃ ጊዜ በደቂቃ 190 ገደማ ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 20 ይወርዳል። 35 ዲግሪ የነበረው የሰውነቱ ሙቀትም ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ዝቅ ይላል። ትንፋሹ ለደቂቃዎች እስከማይታይ ድረስ ይቋረጣል። በእነዚያ ወራት ስንቁ አስቀድሞ በሰውነቱ ያከማቸው ስብ ብቻ ነው። በመካከሉ በራሱ ጊዜ ጥቂት ቀን ይነቃል፤ ሰው ከቀሰቀሰው ግን ሰውነቱን ለማሞቅ ከስንቁ ያለ ጊዜው ያቃጥላል። ያ ስንቅ ከጸደይ በፊት ካለቀ ሕይወቱም ያልቃል።

በፍራንክፈርት ከተማ የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ እየሠራች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። በአንዱ ቅዳሜ ልጆቹ በጓሮው የረገፈውን ቅጠል ሲጠርጉ የ6 ዓመቱ ልጅ «እማዬ፣ ኳስ አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ። የ9 ዓመት እህቱ በጓንት ነካ አደረገችውና «ቀዝቅዟል፤ ሞቷል» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እህቴም እንዳደግንበት ልማድ «ወደ ቤት አስገቡት፣ ወተት ላሙቅለት» አለች። ለደከመ እንግዳ ወተት ማቅረብን ከእናታችን የተማርነው ነው።

በዚህ መካከል ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። «ተዪው ልጄ፣ አልሞተም፤ ተኝቷል» አሏት። እሾሁን በጣታቸው ጫፍ በጣም በቀስታ ነካ ሲያደርጉት እንስሳው በመጠኑ ኮምተር አለ። የሞተ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ጥብቅ ብሎ እንደማይጠቀለል ለልጆቹ አስረዷቸው። ወተት ደግሞ ለእርሱ ምግብ ሳይሆን በሽታ ነው፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ስለማይችል ያስቀምጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል።

እህቴ ግን አልተዋጠላትም። «ታዲያ ምንም ሳናደርግለት እንተወው?» ብትላቸው፣ «ቅጠሉን መመለስ ማድረግ አይደለም እንዴ?» አሏት። ልጆቹ የጠረጉትን ደረቅ ቅጠል መልሰው ከመሩበት፤ በላዩም ጭራሮ አደረጉበት።

ከ10 ቀን በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ትንሽ ኢግል በአጥሩ በር አጠገብ ሲንገዳገድ ተገኘ። ልጅቷ የተማረችውን አልረሳችምና ቅጠል ታቅፋ ልታለብሰው ሮጠች። በዚህ ጊዜ ያስቆመቻት እናቷ ናት። «ይኸኛው አልተኛም፤ ታሟል» አለቻት። ነገሩም እውነት ነበር። በሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ በብርድ ወራት በቀን ብርሃን እየተንገዳገደ ከታየ ችግር ላይ ነው። በወጥ ቤት ሚዛን ስንመዝነው 280 ግራም ሆነ። የጀርመን ባለሙያዎች እንደሚሉት ግን በዚያ ወቅት አንድ ግልገል 500 ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባዋል።

ፎጣ በተነጠፈበት ካርቶን አስገባነው። በጠርሙስ የሞቀ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን አጠገቡ አደረግንለት፤ ንጹሕ ውሃም በሰሐን አስቀመጥን። እህቴ ስልክ ደውላ እንዲህ ያሉትን እንስሳት የሚንከባከቡ አንዲት ሴት በዚያው ምሽት መጥተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን መሞቱ ተነገረን።

ልጅቷ እናቷን እንዲህ ስትል ጠየቀቻት፦ «ያኛውን ተውነው፣ ተኝቷል። ይኸኛውን ረዳነው፣ ሞተ። ታዲያ መርዳት ምን ይጠቅማል?» እህቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ ብርዱ የደረሰበት ስንቅ ሳይዝ ነው። የሞተው ስለረዳነው አይደለም። ቀደም ብለን አግኝተነው ቢሆን ይተርፍ ነበር ይሆናል። ወደፊት ቀደም ብለን እንይ» አለቻት። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። በሚያዝያ ወር እህቴ ስትደውል የዚያ የቅጠል ክምር ጎን ተከፍቶ፣ ጎሬው ባዶ ሆኖ መገኘቱን ነገረችኝ።

ይህ እንስሳ ዛሬ በአውሮፓ ቁጥሩ እየተመናመነ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለአደጋ ከተቃረቡት እንስሳት መደብ አስገብቶታል። መሄጃ የሚያሳጡ አጥሮች፣ መንገድ ላይ የሚደፈጥጡት መኪኖች፣ ምግቡን የሚያጠፉ የተባይ መድኃኒቶችና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ የሣር ማጨጃዎች ጠላቶቹ ናቸው። የኮሎኝ ከተማ እነዚህ ማጨጃዎች በሌሊት እንዳይሠሩ እ.ኤ.አ. በ2024 የከለከለችውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልኝ። ተጠቅልሎ የተኛ ከተገኘ ሳይነካካ ቅጠሉ ይመለስለት። ጎሬው ሳይታወቅ ከፈረሰ ያው ደረቅ ቅጠል ይከመርበት። በቀን የሚንገዳገድ፣ የቆሰለ ወይም ዝንብ የወረረው ከሆነ ግን በጓንት ተነሥቶ ሙቀት ይሰጠው፤ ከዚያም ወዲያው ለሚያውቁ ሰዎች ወይም ለእንስሳት ሐኪም ይደወል። ሰውነቱ ሳይሞቅ ምግብ አይሰጠው፤ ከሞቀ በኋላ የድመት የሥጋ ምግብና ውሃ ይስማማዋል። ወተትና ዳቦ አይቅረብለት። እንስሳውን የነኩ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በጀርመን ሕግ ጤነኛውን ከዱር ወስዶ ቤት ማኖር ክልክል መሆኑም አይዘንጋ። የቅጠል ክምር በእሳት ከመለኮሱ በፊትም ውስጡ ይታይ። በአጥር ሥር የ13 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ መተውም መንገድ መክፈት ነው።

እናንተ እናቶች ደግሞ ልጆቻችሁ ከጓሮ ወይም ከመንገድ ዳር ያገኙትን እንስሳ ይዘው ሲመጡ «ጣሉት!» ብላችሁ አትቆጡ። በመጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ምን እንደሚያስፈልገውም ጠይቁ። ልጅ አስተውሎ መርዳትን የሚማረው ሲያስተውሉ ካያቸው ሰዎች ነው።