ጉቶው ከመሬቱ ይውጣ
በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲፈርስና ሲደለደል ብዙ የተነገረው ስለ ቤቶቹ ነበር፤ አፈር ውስጥ የሚቀረው ጉቶም ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ። ጉቶ ላይ አፈር ደፍቶ መጠቅጠቅ ችግሩን ማቆየት ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ ክፍተት ይተዋል፣ የክረምት ውኃ ይገባበታል፣ የተነጠፈው ድንጋይ ይሰምጣል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን የሞላት ባሕር ዛፍ ደግሞ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

«መንቀል ውድ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ኤክስካቫተሩ እዚያው ቆሞ ሳለ መንቀል፣ ኋላ ንጣፍ አፍርሶ ከመጠገን ይረክሳል። ጉድጓዱም በስሱ እየተደለደለ፣ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት አፈሩን የያዘው ሥሩ ነው። እዚያ መንቀሉን እኔም አልደግፍም፤ ዝቅ አድርጎ ቆርጦ፣ ቡቃያውን እየመለመሉ፣ አጠገቡ ወይራ ተክሎ ሥር እስኪሰድ መጠበቅ ይሻላል።