ዶራ ላይ የተጠየቅነው

እሑድ ከቀትር በኋላ በሰሜን ቤይሩት ዳርቻ ባለችው ዶራ ያለፈ ወገን የምንለውን ያውቃል። በአደባባዩ ዙሪያ ከሚኒባስ ሾፌሮች ጩኸት መካከል አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማል፤ ቡና ይሸታል። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ እኅቶቻችን፣ መውጣት የተፈቀደላቸው ማለታችን ነው፣ የሚገናኙት እዚያ ነው። እኛም ተማሪዎቹ እንጀራ ሲያምረን እንሄዳለን።

አንድ እሑድ መብራት ጠፍቶ፣ ውጭ የየሕንፃው ጄኔሬተር እያጓራ ሳለ፣ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ «ለመሆኑ እናንተ ልጆች ምንድን ነው የምትማሩት?» ሲሉ ጠየቁን። ፊዚክስ የምናጠናው ሁለታችን ተሽቀዳድመን ስለ ጨለማ ቁስ ማስረዳት ያዝን። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933፣ ቬራ ሩቢንም በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የሰማይ አካላትን ፍጥነት ለክተው፣ የሚታየው ቁስ ብቻውን ያን ሁሉ በስበቱ አስሮ ሊይዝ እንደማይችል አሳዩ። የማይታየው ከሚታየው አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

«ካልታየ በምን ይያዛል?» አሉ።

አንደኛው መንገድ ይፈርስ እንደሆነ መጠበቅ ነው። የጨለማው ቁስ ቅንጣት ዘላለማዊ ካልሆነ፣ ሲፈርስ የጋማ ጨረርና እንደ ፖዚትሮን ያሉ ቅንጣቶችን ይበትናል። ጋማው ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ መነሻውን ያመለክታል፤ ኤሌክትሪክ ያዘለው ኮስሚክ ጨረር ግን የጋላክሲያችን መግነጢስ እያጠማዘዘው ከየት እንደተነሣ ሳይታወቅ ይደርሳል። ፓሜላ የተባለው መሣሪያ በ2008 ከተጠበቀው በላይ ፖዚትሮን ማግኘቱ ተሰማ፤ በ2011 በጠፈር ጣቢያው ላይ የተተከለው ኤኤምኤስም ይህንኑ አጸና። ይህን ስንናገር ድምፃችን ከፍ ሳይል አልቀረም።

እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው «አሁን ይኸ የሚያጓራው የማን ሞተር ነው?» አሉን። አናውቅም አልን። «ታዲያ ያኛው የጨለማው መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

ዝም አልን። የጠየቁት ሊቃውንቱን የከፈለውን ጥያቄ ነውና! ፑልሳር የሚባሉት የሞቱ ከዋክብት ቅሪቶችም ፖዚትሮን ይረጫሉ። ሜክሲኮ ያለው ሃውክ በ2017 በሁለት ቅርብ ፑልሳሮች ዙሪያ ጋማ ለክቶ፣ ከእነዚህ የሚነሣው ፖዚትሮን በበቂ መጠን ወደ እኛ አይደርስም ቢልም፣ ሌሎች ስሌቱን ተከራክረውበታል። ከ2008 ጀምሮ ሰማዩን የቃኘው የፌርሚ ቴሌስኮፕ ደግሞ ለፍረሳው ተስፋ አልሰጠም። ጨለማው ቁስ ቶሎ ቶሎ የሚፈርስ ቢሆን ጋላክሲያችንን የከበበው ክምችት ሁሉ፣ እንደየብዛቱ፣ በጋማ ባበራ ነበር፤ የሩቆቹም እንዲሁ። ከተገኘው ብርሃን አብዛኛው ግን ከታወቁ ምንጮች የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቢፈርስ እንኳ፣ አማካይ ዕድሜው ከዓለም ዕድሜ፣ ማለት ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ በቢሊዮን ጊዜ የሚበልጥ መሆን አለበት። ቅንጣቶቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ግን ዛሬም አንዳንዱ ሊፈርስ ይችላል፤ ፍለጋውም ያልቆመው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አሳምረን እናውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ጣፋጩን ግማሽ ብቻ ነገርናቸው? አይጠይቁም ብለን ነው። በየስብሰባው «ሕዝቡን እናነቃለን» የምንል እኛ!

በሳምንቱ የቀረውን ልንነግራቸው ሄድን፤ አልመጡም። አሠሪዎቻቸው እንግዳ አለብን ብለው ከልክለዋቸው ኖሯል። በሦስተኛው እሑድ አገኘናቸውና ስለ ፑልሳሩም ስለ ፌርሚም አንድ በአንድ ነገርናቸው።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ አልተገኘም አትሉኝም!» ብለው ሁለተኛውን ቡና ቀዱልን።