የእናታችን እርሾ

እኔና እህቴ ዳቦ መጋገር እንወዳለን። ዶሮ ሲጮህ ተነስተን ሊጥ ስናሽ ድካም አይሰማንም። የዳቦው ሽታ ከቤት ወጥቶ መንደሩን ሲያውደው ደስ ይለናል። ሙያውን የተማርነው ግን አፍረን ነው።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። በዋዜማው ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ የቤቱ እመቤት ሙልሙል ትሰጣቸዋለች። በዚያ ዓመት እናታችን ታማ ተኝታ ነበር። «ዘንድሮ እኛ እንጋግራለን» አልናት።

ቀኑ ዝናብና ብርድ ነበር። ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይበልልን ብለን በፈላ ውሃ አቦካነው። በቤት ያለውንም እርሾ ሁሉ ጨመርንበት። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ሊጡ አልተነሳም። ስለ መሸብን እንዲሁ ጋገርነው። ሙልሙሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ልጆቹ መጡ፤ ጨፈሩ፤ ሰጠናቸው፤ መርቀውን ሄዱ። በማግስቱ ሙልሙላችንን አጥር ሥር ወድቆ አገኘነው። ውሻ እንኳ አልነካውም።

ለእናታችን ነገርናት። አልተቆጣችም። «ውሃው ፈልቶ ነበር እንዴ?» አለችን።

«አዎ እማዬ» አልናት።

«እርሾ እኮ ሕይወት አለው። ገደላችሁት!» አለች።

እውነቷን ነው። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። ከዱቄቱ ይመገባሉ፤ አየር ያወጣሉ። ሊጡን የሚነፋው ያ አየር ነው። ብርድ ያዘገያቸዋል፤ የፈላ ውሃ ግን ይገድላቸዋል።

እርሾ ልንለምን ጎረቤት ሄድን። ጎረቤታችን አንድ ጭብጥ ሊጥ ሰጠችን። «ይህ እኮ የእናታችሁ ነው። ጎጆ ስወጣ እሷ ናት የሰጠችኝ» አለችን።

ከዚያ ወዲህ ውሃውን በጣታችን እንሞክራለን። ለብ ካለ ይበቃል። ሊጡን በደንብ እናሸዋለን። በብርድ ቀን ቡሀቃውን ሸፍነን ምድጃ አጠገብ እናሳድረዋለን። ሊጡ ኩፍ እስኪል አንቸኩልም። ዳቦው መብሰሉን ለማወቅ ስንደዶ እንወጋበታለን። ስንደዶው ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።

እናታችን የሚቀጥለውን ቡሄ አላየችም። እርሾዋ ግን ዛሬም በቤታችን አለ። ባቦካን ቁጥር አንድ ጭብጥ እናስቀራለን። ለለመነን ጎረቤትም እንሰጣለን። በቡሄ ዋዜማ ልጆቹ ሙልሙላችንን ከደጃችን ሳይርቁ ይበሉታል።

እናንተም እርሾ ለሚለምናችሁ አትንፈጉ። የሰጣችሁት አንድ ቀን ለልጆቻችሁ ይመለሳል።