«መሬት ላራሹ» ብሎ አድጎ መሬት ሊገዛ የሄደ ሰው

«ኩታ» ሲባል ለእኛ በትከሻ ላይ የሚጣል የፈትል ልብስ ነው። እኔ የማወጋችሁ ኩታ ግን በኢንዶኔዥያ፣ በሎምቦክ ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ነች። (በባሊ ያለችው ስመ ጥር ኩታ ሌላ ናት።) ነዋሪዎቿ ሳሳክ የሚባሉ ሕዝቦች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። እንደ እኛው ሸማ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ በእነርሱ ዘንድ ከሽመና ዕቃው ኋላ የምትቀመጠው ሴቲቱ መሆኗ ነው።

ወደዚያ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። በሆላንድ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ለዓመታት ያጠራቀምነው ጥቂት ጥሪት ነበረን። አዲስ አበባ ላይ ሊዝ ተጫርቶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ካርታ እስኪወጣ መጠበቁ ሁላችንንም አስመርሮናል። ከሦስታችን አንዱ ከኩታ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር መሬት ለሽያጭ መቅረቡን ሰማ። ሁለት ትናንሽ ቤቶች ሠርተን ለእንግዳ ብናከራይ በስድስት ዓመት ገንዘባችን ይመለሳል የሚል ስሌትም ይዞ መጣ። አይቼ እንድመጣ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ከታላላቆቼ አፍ ሰምቼ ያደግሁ፣ ስለ ተፈናቃይ ገበሬ ስጽፍ የኖርኩ ሰው መሆኔን ያን ጊዜ ማንም አላስታወሰኝም። እኔም ራሴን አላስታወስኩትም።

ስፍራው በእርግጥ ያምራል። በአጠገቡ ባለው በታንጁንግ አን የባሕር ዳርቻ አሸዋው ድቡልቡል ነው፤ የአገሩ ሰው በቁንዶ በርበሬ ይመስለዋል፤ ሲረግጡት እግርን ይውጣል። ከመሬሴ ኮረብታ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ነው። ከዚያ በላይ ስለ ውበቱ አልናገርም፤ ለዚያ አስጎብኚዎች አሉ።

የሚያስገርመው ስሙ ነው። በ2014 (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥት በዚህ ጠረፍ ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ ከልሎ «ማንዳሊካ» የተባለ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና አቋቋመ። በሳሳኮች አፈ ታሪክ ማንዳሊካ ብዙ ልዑላን ለጋብቻ የጠየቋት ልዕልት ናት። አንዱን ብትመርጥ ሌሎቹ ጦር እንደሚማዘዙ ስለ ተረዳች ራሷን ወደ ባሕር ወረወረች፤ ገላዋም የሁሉም ሲሳይ ይሆን ዘንድ ወደ ባሕር ትልነት ተለወጠ ይባላል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወይም በማርች ሕዝቡ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ውኃው ገብቶ «ኛሌ» የሚለውን ትል ይለቅማል፣ ይበላልም። ስያሜውን የመረጠው ባለሥልጣን ተረቱን እስከ መጨረሻው ሳይሰማው ቀርቶ ይሆን?

የመሬቱ ማሰባሰብ የተጀመረው ገና በሱሃርቶ ዘመን ነው። በ2011 በፕራያ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። በ2018 የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክ 248 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጸደቀ። ከዚያም 4.3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 17 መታጠፊያ ያለው የውድድር ጎዳና ተሠርቶ በኖቬምበር 2021 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ውድድር፣ በማርች 2022 ደግሞ ሞቶ ጂፒን አስተናገደ። በዚህ መካከል፣ በማርች 2021፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ነዋሪዎች ያለ በቂ ካሳ ከቤታቸውና ከእርሻቸው እንደ ተነሡ የሚገልጽ ጠንካራ መግለጫ አወጡ። መንግሥት አስተባበለ። በጁላይ 2025 ደግሞ በታንጁንግ አን ዳርቻ ላይ የነበሩት የምግብና የኮኮናት መሸጫ ጎጆዎች ፈረሱ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ሁሉ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ «ሐክ ሚሊክ» የተባለውን ሙሉ ባለቤትነት ከግለሰቦች መካከል ለዜጎች ብቻ ይሰጣል። («ሐክ» የእኛው «ሐቅ» ነው፤ ሁለታችንም ከዐረቦች ወስደነዋል።) የውጭ ዜጋ ለተወሰነ ዘመን መከራየት ይችላል። ኩባንያ አቋቁሞ ልግባ ካለ ግን ከመሬትና ከሕንፃ ዋጋ ሌላ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የሚሆን የኢንቨስትመንት ዕቅድ ይጠየቃል፤ ይህም ወደ 600 ሺህ ዶላር ነው። የእኛ ጥሪት የዚህን አሥረኛ አይሞላም።

ደላላው ግን መላ ነበረው። መሬቱ በአንድ የመንደሩ ሰው ስም ይገዛል፤ ሰውዬው ደግሞ ከእኛ የተበደሩ ይመስል የብድር ውልና የውክልና ወረቀት ይፈርሙልናል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በስንት ቋንቋ ሰምቼው ይሆን! በማግሥቱ ሌላ ውል አዋዋይ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዲት ወጣት ጸሐፊ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅም፣ የሕጉን አንቀጽ 26 አወጣችልኝ፦ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ የሚደረግ ዝውውር ከመነሻው ፈራሽ ነው፤ መሬቱ ወደ መንግሥት ይገባል፤ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም።

ያም ሆኖ ስማቸውን የሚያውሱንን ሰው ላገኛቸው ተቀጥሯልና ሄድኩ። «ፓክ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የአንድ ማረፊያ ቤት የሌሊት ዘበኛ ናቸው። ቡና ቀርቦ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ፓስፖርቴ የሆላንድ፣ ትውልዴ ኢትዮጵያ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁና «ሆላንድ እንደገና?» አሉ። (ሆላንዶች ሎምቦክን በ1894 በጦር ወግተው የቤተ መንግሥቱን ወርቅና ጌጥ ዘርፈው ወስደዋል፤ ከዚያ ውስጥ 335 ዕቃዎችን የመለሱት ገና በ2023 ነው። የመቅደላን ነገር የሚያውቅ አንባቢ ሆዱ ሳይባባ አይቀርም።) ከዚያ ስለ አባታቸው የኮኮናት ማሳ አወሩኝ። ከባሕሩ አጠገብ ነበር፤ በወጣትነታቸው ሸጡት። የሸጡበትን ዋጋ ሲናገሩ ደላላው ሳይተረጉም አለፈው። እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚያ ዝምታ እስከ ዛሬ አስባለሁ። በእኛ ገጠር ተመሳሳይ ጠረጴዛ ሲዘረጋ ሁልጊዜ ራሴን የማየው በገበሬው በኩል ነበር፤ ኩታ ላይ የተቀመጥኩት ግን በገዢው በኩል ነው፤ ወንበሩም ይመቻል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የእነርሱም የ1945 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 መሬትና ውኃ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆነው ለሕዝብ ብልጽግና ይውላሉ ይላል። በሁለቱም አገር ሕዝብ የሚለው ቃል የሚታወሰው ግን ከፊርማው በኋላ ነው። በ2025 የእኛም ፓርላማ የውጭ ዜጎች የቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁን በጭፍን አልቃወምም፤ ቤት ፈላጊና ገንዘብ የተራራቁባት አገር ናት። ነገር ግን ስም የሚያውሱ ዘበኞች ከአያት እስከ ቢሾፍቱ እንደሚበዙ አሁን በዓይኔ ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ።

ለፍትሕ ያህል የሌላኛውንም ወገን ቃል ላቅርብ። በማዕበል መንሸራተት የሚያስተምር አንድ ወጣት፣ ቱሪስት ባይመጣ ኖሮ እንደ ወንድሞቹ ማሌዥያ ሄዶ የዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ እንደሚሆን ነገረኝ። አክስቱ ሪያድ በሰው ቤት ስትሠራ ከአንዲት ሐበሻ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ነበር። ለእርሱ የውድድሩ ጎዳና ጠላት አይደለም። «መሬቱን ባይሸጡት፣ ቢያከራዩት ይሻል ነበር» ብቻ አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለኝም። ለሃያ አምስት ዓመት ተከራይቶ፣ ስሙም መሬቱም በባለቤቱ ዘንድ ሲቀር፣ ቢያንስ የልጅ ልጁ እንደገና የሚደራደርበት ነገር ይኖረዋል።

በዚያው ምሽት ለጓደኞቼ ደወልኩ። ስለ አንቀጽ 26 ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው፤ ስለ ኮኮናቱ ማሳ ስነግራቸው ግን መስመሩ ዝም አለ። «አንተ ደግሞ የሄድከው ልትገዛ ነው ወይስ ልትጽፍ?» አለኝ አንደኛው። ለኪራይ ድርድር የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም፤ ሁለቱም አልፈለጉትም። ገንዘባችን እስከ አሁን በባንክ ተቀምጧል። ያ ጓደኛዬ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሱምባ ስለሚባል ሌላ ደሴት ፎቶግራፍ ይልክልኝ ጀምሯል፤ እዚያ መሬት ገና ርካሽ ነው አሉ።